ወንበርሽን ያስለቀቀው ኪኒን

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንቺን ጤናሽን የምጠይቅበት አፍ ስለሌለኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ታውቂኛለሽ፣ ደንበኛ አቁሜ ዕቃ ማሽሞንሞን አልወድም።

ጉዳዩ ይኸውልሽ። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት አባዬን አዲስ ኪኒን አስጀመርኩት። የኪኒኑ ሥራ አንቺን ከቤታችን ማስወጣት ነበር። ሠርቷል። ወጥተሻል።

ከሱቅ ስመለስ የምጽፋትን የዕለት ማስታወሻ ታስታውሻታለሽ። «ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ፣ እያንዳንዱ ነገር የሚመዘገበው?» እያልሽ ትቀልጅብኝ ነበር። ይህንንም እንደ ልማዴ በሁለት መስመር አስፍሬ ልዘጋው ነበር፤ ዝናብ ነበር፣ ጭነት ገባ፣ አባዬ ደህና ዋለ፣ ሚጡ ወጣች። እጄ እምቢ አለኝ። «ሚጡ ወጣች» ብሎ መጻፍ ሐሜት መሰለኝ። ከማማሽ ፊት ለፊት ልንገርሽ ብዬ ገጹን ገልብጬ «ውድ እህቴ» ብዬ ጀመርኩ።

ነገሩ የተጀመረው አንቺ በሕይወት ሳለሽ ነው። አባዬ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኛ እርጅና ነው ስንል አንቺ ብቻ ዝም ብለሽ አየሽው። ያ ዕድሜውን በሙሉ የሚሮጥ አውቶቡስ ውስጥ ምንም ሳይደገፍ ቆሞ ትኬት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው፣ ሳሎን ውስጥ እግሩ መሬት ላይ እንደተሰፋ ደርቆ ሲቆም፣ የበሽታውን ስም ከሐኪሙ ቀድመሽ ነገርሽኝ። ኪኒን ታዘዘለት። ኪኒኑን ከፋርማሲ ይዤ የመጣሁ ቀን ከማስተማር ወጥተሽ ሱቅ ብቅ አልሽ። ከባልዲዎቹና ከሳፋዎቹ መሃል ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ጎትተሽ ተቀመጥሽ።

«ይቺ ፍሬ ሆድ ገብታ እንዴት አድርጋ ነው እግር የምታንቀሳቅሰው?» አልኩሽ።

«እግር አታንቀሳቅስም» አልሽኝ። «ጭንቅላታችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ነገር አለ። አባዬ ጋ እሱን የሚያመርቱት ሴሎች እየሞቱ ነው። ይቺ ኪኒን እዚያ ስትደርስ ዶፓሚን ትሆናለች። ዶፓሚኑ ሄዶ ሌላ ሴል ላይ ያለ ተቀባይ ላይ ይቀመጣል። ሲቀመጥበት ሴሉ ሥራውን ይጀምራል።»

«ተቀባይ ስትይ?»

«ሪሴፕተር። ለሱ ልክ የተሠራ መቀመጫ በለው። ቅርጹ የማይገጥም ቢመጣ አያስቀምጠውም።»

«ገበያ ውስጥ ያለ መደብ ነው በይኛ።»

ሳቅሽ። ስትስቂ ወንበሩ እንዴት ሲጢጥ ይል እንደነበር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ቀጥል እስቲ ነጋዴው» አልሽ።

«መደቡ ባዶ ከሆነ ንግድ የለም። ባለቤቱ መጥቶ ሲቀመጥ ንግድ ይጀመራል።»

«ጎበዝ። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ መደቡ ላይ ይቀመጥና ምንም አይሸጥም።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ! እዚህ ጎኔ ያለው ጨርቅ ሻጭ! ራሱ አይሸጥ፣ ለሌላ አይለቅ!»

«ቀስ በል፣ ይሰማሃል» ብለሽ አፍሽን ይዘሽ ሳቅሽ። «እንዲህ ያለውን አጋጅ እንለዋለን። ግን አትናቀው። ገበያው ከልክ በላይ ሲሞቅ ቦታ ይዞ ዝም የሚል ሰው ይፈለጋል። አንዳንዱ አጋጅ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ በግድም አይነሣም። አንዳንዱ ላላ ብሎ ይቀመጥና ባለቤቱ ሲመጣ ቶሎ ይነሣለታል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ይህንኑ ለተማሪዎችሽ አስተምረሽው እንደነበር ነገርሽኝ። የጨርቅ ሻጩ ነገር ሲነገር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አልሽ። ሰውየው ምንም ሳያውቅ በየዓመቱ የፋርማሲ ተማሪ ይማርበት ነበር።

ያን ቀን ልትሄጂ ስትነሺ ግን ፊትሽ ተለወጠ። «አንድ ነገር እንዳትሳሳት» አልሽኝ። «መድኃኒት አዲስ ነገር አይፈጥርም። ሴሉ ድሮውንም የሚያውቀውን ሥራ ነው ጀምር ወይም አቁም የሚለው። የማያውቀውን ሥራ ማንም ኪኒን አያስተምረውም።» ያን ጊዜ ጭነት የሚያወርዱ ሰዎች ይጠሩኝ ስለነበር በደንብ አልሰማሁሽም። አሁን ቀን በቀን የምሰማው እሱን ብቻ ነው።

አንቺ ራስሽ ስትታመሚም የተነጋገርነው በዚሁ ቋንቋ ነበር። ለደምሽ ካንሰር የተሰጠሽ ኪኒን መጀመሪያ ጥሩ ሠርቶ ኋላ መሥራት ሲያቆም፣ «ያው ኪኒን አይደል እንዴ?» ብዬ ሐኪሞቹ ላይ ተቆጣሁ። «ኪኒኑ ያው ነው» አልሽኝ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወሪ ሁሉ። «በሽታው የመቀመጫውን ቅርጽ ለወጠው። መድኃኒቱ ይመጣል፣ ይዞራል፣ መቀመጫ አጥቶ ይሄዳል።»

«ሌላ አይፈለግም?»

«እየፈለጉ ነው።»

ፍለጋው ሳያልቅ አንቺ አለቅሽ።

ከቀብርሽ በኋላ የአባዬ እግር ጨርሶ ከዳው። ከአልጋ አንሥተን እናስቀምጠዋለን፣ ከወንበር አንሥተን እናስተኛዋለን። አክስታችን እቴቴ ዕቃዋን ጠቅልላ እኛ ቤት ገባች፤ ወንድሟን ለማስታመም ነው የመጣችው፣ ግን ቤቱን ያቆመችው እሷ ነች። አባዬን የሚከታተሉት ሴት የነርቭ ሐኪም የኪኒኑን መጠን ከፍ አደረጉለት። እንደ ተአምር ተነሣ። ትዝ ይለኛል፣ አንድ ቀን ከሱቅ ስመጣ በር የከፈተልኝ እሱ ነበር። እቴቴ ከኋላው ቆማ ታለቅሳለች፣ እሱ ደግሞ «ምን ያስለቅሳታል? በር ነው የከፈትኩት!» ይላታል።

ደስታችን ሳይደርቅ ሌላው መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት እቴቴ ሶፋው ላይ ልብስ ስታጣጥፍ አባዬ ወደሷ አየና «ትኬት» አላት።

«የምን ትኬት?»

«አንቺን አይደለም። ከጎንሽ የተቀመጠውን ሰውዬ ነው።»

እቴቴ ከሶፋው እንዴት እንደዘለለች ብታዪ! ልብሱን በትና ውጭ ስትወጣ ደረስኩ። አባዬ ግን ረጋ ብሎ ሳሎኑን በሙሉ ይቆጣጠራል። መስኮቱ ጋ ሁለት ሴቶች፣ በሩ ጋ ሻንጣ የያዘ ወጣት። ማንም ትኬት የለውም አለኝ፣ ቅር ብሎት። እቴቴ ከደጅ ሆና «ቤቱን ሞልተው መጥተው አንዱ እንኳ አይከፍልም?» ስትል እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከሞትሽ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐኪሟ ግን አልሳቁም። «ያው ዶፓሚኑ ነው» አሉኝ። በእኔ ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ነው። እንቅስቃሴ በሚታዘዝበት ሠፈር መደቡ ባዶ ነው፣ ዕቃው እዚያ መድረስ አለበት። ነገር ግን ጭንቅላት ውስጥ መንገዱ አንድ ነው፣ ዕቃው ሌላውም ሠፈር ይገባል። እዚያ ደግሞ ገበያው ድሮም ሙሉ ነው፤ ሲጨመርበት ይናወጣል፣ ሰው የሌለበት ቦታ ሰው ያሳያል። ለእግሩ የሚበቃው መጠን ለዓይኑ ይበዛል። እንቀንስ ካልን እግሩ ይታሰራል። «ሰዎቹ ካላስፈሩት ለጊዜው እንተወው» አሉ።

እነሱ አላስፈሩትም። ከዚያ ግን አንቺ መጣሽ።

ከሱቅ ስገባ ነው የደረስኩት። ወንበርሽን፣ ያን ከሱቅ ያስመጣሽውን ሰማያዊ ወንበር፣ አልጋው አጠገብ አስጠግቶ እያወራ ነበር። «ና ግባ፤ ሚጡ መጥታለች» አለኝ። ልክ ከክፍል እንደወጣሽ፣ ልክ እንደ ማንኛውም ቀን።

እቴቴ ኩሽና በር ላይ ሆና በእጇ አፏን ይዛለች። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ተቀመጥኩ። ሞታለች አላልኩትም። ፊቱን ብታዪው አንቺም አትይውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ፣ ከሥራ ትወጪ በነበረበት ሰዓት ትመጪ ጀመር። ቤታችንም ለመደሽ። እቴቴ እንኳ መጀመሪያ በፍርሃት ግድግዳ ታክካ ታልፍ የነበረችው፣ በሳምንቱ ቤት ስትጠርግ «እስቲ እግርሽን አንሺ» ትል ጀመር። አባዬ «አነሣች» ይላታል። እሷም ትጠርጋለች።

ኪኒኑን ማን እንደሚያስውጠው ደግሞ ስሚ። መዋጥ እየሰለቸው አፉን ይገጥምብን ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «እሷን ጠይቃት እስቲ፣ ትዋጥ ወይስ አትዋጥ?» አልኩት። ወደ ወንበሩ ዞረ። ትንሽ አዳመጠ። ወዲያው እጁን ዘረጋና ዋጠ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው «ሚጡ ዋጠው ትላለች» ማለት ሆነ ሥራችን። ኪኒኑ አንቺን ያመጣል፣ አንቺ ደግሞ ኪኒኑን ታስውጫለሽ። በንግድ ዓለም እንዲህ ያለ ሽርክና አይቼ አላውቅም።

አሁን የምነግርሽን እቴቴም አታውቀውም። ሱቅ በጊዜ መዝጋት ጀመርኩ። ጨርቅ ሻጩ «ምነው፣ አዲስ ሙሽራ አገባህ እንዴ? ፀሐይ ሳትጠልቅ የምትሮጠው?» ብሎ ሳቀብኝ። የምሮጠው ወደ አንቺ ነበር። ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጥና «ዛሬስ ምን አለች?» እለዋለሁ።

«ሒሳብ ሲያበዛ ፀጉሩ አለቀ ትልሃለች።»

ሌላ ቀን ደግሞ «ያቺን ሸሚዝ አውልቃትና ትረፍ፤ ደንበኛ ታባርራለች ትልሃለች።»

ቃሉ የአንቺ ነው። አነጋገሩ፣ ቀልዱ፣ ክፋቱ ሁሉ የአንቺ ነው። የሚናገረው የአባዬ ጭንቅላት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ እንዲህ ባለ ነገር የምታለል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ያቺ ንግግርሽ መጣችብኝ፤ መድኃኒት አዲስ ነገር አይፈጥርም ያልሽው። ኪኒኑ አንቺን አልሠራም። አባዬ ውስጥ ድሮም ነበርሽ፣ ሙሉ ለሙሉ፣ እስከ ተረብሽ። ኪኒኑ ጀምር ነው ያለው። እኔ ውስጥ ይህን ያህል የለሽም። ስለዚህ አንቺን የማገኝበት መንገድ እሱ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በጨዋነቱ ነው። አባዬ እንግዳ ሳይሸኝ ኖሮ አያውቅም። መጀመሪያ ልትሄጂ ስትነሺ እስከ ክፍሉ በር ሸኘሽ። ኋላ እስከ ውጭው በር። እኛ ደግሞ ደስ አለን፤ ሐኪሟ ይራመድ ብለው የለ? «ሚጡ ሳትመጣ እኮ ከአልጋ አይወርድም ነበር» እንባባላለን። እግሩ የሚንቀሳቀሰው በኪኒኑ ቢሆንም የሚያስነሣው ግን የአንቺ መሄድ ነበር።

አንድ ቀን እቴቴ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ እኔም ገና መንገድ ላይ ሳለሁ፣ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘሽ።

ከታክሲ ስወርድ ሰው ተሰብስቧል። አንድ የጭነት መኪና በአግድም ቆሟል፣ ጎማው ይሸታል። ከጎማው ፊት ለፊት አባዬ በነጠላ ጫማው መሃል አስፋልት ላይ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ ያ የተቆጣጣሪ እጅ፣ አንድም አይንቀጠቀጥም። ሾፌሩ ወርዶ ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። «አባት፣ ልትገድሉኝ ነበር እኮ! እኔን ነው ልትገድሉኝ የነበረው!» ይላል።

አባዬ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። «አውቶቡስ ላስቆምላት ነው» አለኝ። «ይመሽባታል።»

ይዤው ገባሁ። በር ቆለፍን። መቆለፉ ባሰ፤ አንቺ ወጥተሽ እሱ ውስጥ ሲቀር ጮኸ፣ በሩን በትከሻው መታ፣ እቴቴን ገፈተራት። «ልጄን ብቻዋን ሰደዳችኋት!» እያለ። በአቅራቢያችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ተረኛው ሐኪም ማረጋጊያ ብሎ መርፌ ወጋው።

ተረጋጋ። እንደ ድንጋይ ተረጋጋ። በማግስቱ አንገቱ አይዞርም፣ ዓይኑ አይርገበገብም፣ ማንኪያ አፉ ውስጥ ስናስገባ ሾርባው በከንፈሩ ጥግ ይፈሳል። እቴቴ በጣቷ ጉሮሮውን ወደታች እያሻሸች «ዋጥ የኔ ጌታ፣ ዋጥ ወንድሜ» ስትለው መስማት አልቻልኩም፤ ወጣሁ። ሐኪሟ ጋ ስንደርስ የመርፌውን ስም አይተው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «ይኼ ሁሉንም ተቀባይ አጥብቆ ይይዛል» አሉ። «የሚያየውንም ያጠፋል፣ እግሩንም ያጠፋል።» ያን ቀን ጨርቅ ሻጩን አስታወስኩ። እያንዳንዱ መደብ ላይ አንድ አንድ ጨርቅ ሻጭ ተቀምጦ፣ የኛ ዕቃ በር ላይ ቆሞ ታየኝ። የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

መርፌው ቀስ በቀስ ሲለቀው አባዬ ተመለሰ። አንቺም ተመለስሽ። ሐኪሟ መጀመሪያ ዋናውን ኪኒን ቀንሰው ሞከሩት። እግሩ ታሰረ፣ አንቺ ግን አልቀረሽም፤ ልትሄጂ ስትነሺ ሊሸኝሽ ይፈልግና ከአልጋው መነሣት አቅቶት እንባው በጆሮው ላይ ይወርዳል። ይህን ያየሁ ቀን እግዜር ራሱ ቢመጣ ከዚህ የባሰ ነገር አያሳየኝም አልኩ። መጠኑ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

«ያልሞከርነው አንድ መድኃኒት አለ» አሉኝ ሐኪሟ። «ላላ ብሎ የሚቀመጥ አጋጅ ነው። ቶሎ ስለሚለቅ እግሩን አይነካም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያየውን ያጠፋል። ደሙን ሊጎዳ ስለሚችል በየሳምንቱ ደም ይመረመራል። እርስዎ ይወስኑ።»

እህቴ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ወስኛለሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ ግን ፊቴ ቀርቦ አያውቅም። ቤት ገብቼ ለእቴቴ ነገርኳት።

«እና ልጂቱን ልታስወጣት ነው?»

«የለችም እኮ እቴቴ።»

«ለሱ አለች! ሁለት ጊዜ ልትቀብርበት ነው? አንተ ልጅ፣ ልብህ ከምንድን ነው የተሠራው? ከፕላስቲክ?»

«መኪና ቢገድለውስ?»

«እኔ እጁን ይዤ እሸኛታለሁ!»

«አንቺ ራስሽ ጉልበትሽን ያምሻል። ሲገፈትርሽ ክንድሽ ምን እንደሆነ አይቻለሁ።»

የተበለዘውን ክንዷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ስታስውጠው እኔ ቤት ውስጥ አልሆንም» አለች። በዚያች ሰኞም ወደ ጎረቤት ሄደች።

ውኃ በጆግ ቀዳሁ፣ ኪኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ ገባሁ። አንቺ በዚያን ጊዜ ጠዋትም ትመጪ ነበር። አባዬ ኪኒኑን ገና ሲያየው ለየው፤ ጊዜው ያለፈበትን ትኬት የሚለይ ዓይን ነው።

«ይኼ የኔ አይደለም።»

«አዲስ ነው አባዬ። ሐኪሟ ናቸው ያዘዙት።»

«አልፈልግም።»

አፉን ገጠመ። ሌላ የምለው እንዳልነበረኝ ታውቂያለሽ። በቤታችን አንድ መንገድ ብቻ ነበር ያለው። «እሷን ጠይቃት» አልኩት።

ወደ ወንበርሽ ዞረ። «ሚጡ፣ ይኼንን ልዋጠው?» አለ።

ውኃው እጄ ላይ ነው። እምቢ እንድትይ እንዴት እንደፈለግሁ! አንዲት ቃል፣ አይሆንም ብትይ፣ ኪኒኑን ወደ ደጅ እወረውረው ነበር። አባዬ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። እንዲህ ረጅም አዳምጦሽ አያውቅም። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና እጁን ዘረጋ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ነጋዴው ያመጣው ከሆነ ዋጠው፤ እሱ የማይሆን ዕቃ ቤት አያስገባም አለች።»

ዋጠ። ውኃውንም እስከ መጨረሻው ጠጣ።

በአንድ ቀን አልሄድሽም። መጀመሪያ የወረዱት ሌሎቹ ናቸው፤ መስኮቱ ጋ ያሉት ሴቶች፣ ሻንጣ የያዘው ወጣት። ቀጥሎ አንቺ ማውራት ተውሽ። «ምን አለች?» ስለው «ዛሬ ዝም ብላለች፣ ደክሟት ነው» ይለኛል። በማግስቱም ደክሞሻል። ከዚያ ፊትሽን አዙረሽ መቀመጥ ጀመርሽ። አንድ ቀን ከሱቅ ስገባ ወንበርሽን በእጁ እየዳሰሰ አገኘሁት፤ ሰው ኪሱ ውስጥ የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ።

«ሚጡ ሞታለች አይደል?» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

«ቀብሯ ላይ ነበርኩ?»

«ነበርክ። በእኔ ትከሻ ተደግፈህ ቆመሃል።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ማንን ነው ስሸኝ የነበረው?»

ካንቺ የተማርኩትን ነገርኩት። ሌላ የማውቀው የለኝም። ኪኒን የሌለ ነገር አይፈጥርም፣ ውስጥህ ያለውን ነው የሚያስነሣው፣ ስለዚህ ራሷን ነበር አልኩት። ያጽናናዋል ብዬ ነው። ዓይኑ ጥርት ብሏል፣ የሌለ ሰው አንድም አያይም።

«ራሷ ከነበረች ለምን አስወጣሃት?» አለኝ።

የጭነት መኪናውን፣ የሾፌሩን፣ የእቴቴን ክንድ ልደረድርለት እችል ነበር። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ግን መልስ አይደለም።

ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ በኮሪደሩ አስሄዱት፣ አዙረው መለሱት። «ግሩም ነው! እግሩም አለ፣ የሚያየውም ጠፍቷል!» አሉ። ደሙም ደህና ነው። በሙያቸው ትክክል ናቸው፣ እጃቸውን ጨብጬ አመስግኛቸዋለሁ። ቤት ስንገባ ግን አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ እዚያው ቀረ። እግር አለው። የሚነሣበት ምክንያት ነው የጠፋው። ያ የምትሄጂበት ሰዓት ሲደርስ በሩን ገርበብ አድርጌ «አባዬ፣ ልወጣ ነው፣ እስከ በር ሸኘኝ» አልኩት አንድ ቀን፤ ኮቴን ሁሉ ለብሼ። «አንተ የትም አትሄድም» አለኝ፣ በተቆጣጣሪ ድምፅ። ትክክል ነው። የትም አልሄድም።

ኪኒኑን አሁን ያለ ክርክር ይውጣል። ማንንም አይጠይቅም። ይህም ክፉኛ ከበደኝ።

እቴቴ ወንበርሽን ወደ ሱቅ መልሰው አለችኝ፣ ዓይኔ እያየ አልችልም አለች። አልመለስኩትም። ከሱቅ ስመጣ እኔ እቀመጥበታለሁ። አላወራም፣ እሱም አያወራኝም። ቦታ ይዤ ምንም የማልሸጥ ሰው ሆንኩልሽ። በጨርቅ ሻጩ የሳቅሁትን ሳቅ ሁሉ እየመለስኩ ነው።

ትናንትም እንደዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ቀና አለ። ድሮ የመጨረሻው ጉዞ ሲያልቅ እንደሚያደርገው ክፍሉን ወንበር በወንበር ተቆጣጠረ። ሶፋውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ በሩን አየ። ወንበርሽንም አየ፤ እኔ ተቀምጬበታለሁ፣ ዓይኑ ግን እላዬ ላይ ሳይቆም አለፈ።

«ሁሉም ወርዷል» አለ። «መኪናው ጋራዥ ይግባ።»

ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

የማይሆን ዕቃ ቤት አያስገባም ያልሽው ወንድምሽ፣
ነጋዴው